ኳስ እንጀራ ባልነበረበት ዘመን፦ የይድነቃቸው ተሰማ የተጫዋችነት ሕይወት እንደገና ሲታይ

ይድነቃቸው ተሰማ ሲነሱ አብዛኛው አንባቢ የሚያስታውሰው ኮትና ከረባት ያደረጉትን ሰው ነው። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ሕልፈታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን የመሩትን፣ ከ1971 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጡትን፣ በአፓርታይድ ጉዳይ ከፊፋ ሹማምንት ጋር ፊት ለፊት የተጋጠሙትን ሰው። የተጫዋችነታቸው ነገር ግን ሁልጊዜ በአንድ ትንፋሽ ያልፋል፦ ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት፣ 365 ጨዋታ፣ 318 ጎል፤ ለብሔራዊ ቡድን 15 ጨዋታ። ከዚያ ጸሐፊው ወደ ስብሰባ አዳራሹ ይቸኩላል።

ይህ ጽሑፍ ወደ አዳራሹ ሳይቸኩል ሜዳው ላይ ይቆያል። ምክንያቱም ተጫዋቹና መሪው ተከታትለው የመጡ ሁለት ሰዎች አይደሉም። አቶ ይድነቃቸው ማልያቸውን ሰቅለው ቢሮ አልገቡም፤ ማልያውን እንደለበሱ ፌዴሬሽን አቋቁመዋል፣ ማልያውን እንደለበሱ አህጉራዊ ኮንፌዴሬሽን መሥርተዋል። በኋላ ስለ ተከፋይ ተጫዋች የያዙት ጠንካራ አቋም፣ ብርታቱም ሆነ ጉድለቱ፣ የሚገባን ኳስ ለተጫዋቹ እንጀራ ባልነበረበት ዘመን እንዴት እንደተጫወቱ ስናይ ነው።

ከቁጥሮቹ እንጀምር። 365 ጨዋታ ለ23 ዓመት ሲካፈል በዓመት 16 ገደማ ይደርሳል። በሌላ አነጋገር በወር አንድ ጨዋታ፣ አልፎ አልፎ ሁለት። በሌላው የዓለም ጫፍ ጥቂት ቀደም ብሎ የተጫወተን አንድ ባለሙያ ብናነጻጽር ልዩነቱ ይጎላል። አብዛኛውን ዘመኑን በዲትሮይት ታይገርስ ማልያ ያሳለፈው የቤዝቦል ተጫዋች ታይ ኮብ ከ1905 እስከ 1928 እ.ኤ.አ. በ24 የውድድር ዘመናት ከ3,000 በላይ ጨዋታዎችን አድርጓል፤ በዓመት ከ120 በላይ መሆኑ ነው። ሁለቱ ሰዎች ሜዳ ላይ የቆዩባቸው ዓመታት ብዛት ተቀራራቢ ነው። የአንደኛው ዓመት ግን በጨዋታ የተሞላ፣ የሌላው ዓመት ደግሞ ጨዋታ የሚናፈቅበት ነበር። ለኮብ ኳሱ እንጀራው ነበር። አቶ ይድነቃቸው የሚኖሩት በሌላ ሥራ ነው፤ ኳሱን የሚጫወቱት ከዚያ በሚተርፋቸው ጊዜ ነው።

እንዲህ ሲታይ 318ቱ ጎል ሌላ ክብደት ያገኛል። በመቶ ጨዋታ 87 ጎል ማለት ነው። በወር አንዴ ሜዳ የሚወርድ አጥቂ የጎል ስሜቱን እንዴት ጠብቆ ያቆያል? ዛሬ በሳምንት ሁለት ጨዋታ የሚያደርጉ አጥቂዎች ሁለት ወር ሳያስቆጥሩ ሲቀሩ ስንት ይባልላቸዋል። የአቶ ይድነቃቸው ቁጥር ከተደነቀ መደነቅ ያለበት በብዛቱ ብቻ ሳይሆን በተገኘበት ሁኔታ ነው።

የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ላይ ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው የሆኑ ገጣሚና ድምፃዊ ናቸው። ልጁ አዲስ አበባ መጥተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገቡ። የአባትየው ድምፅ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም ይሰማል፤ የልጁ ጨዋታ ግን በተመልካች ትዝታና በቁጥር ብቻ ነው የቀረው። ለዚህ ነው ቁጥሩን በጥንቃቄ መያዝ ያለብን።

ቅዱስ ጊዮርጊስ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ሲመሠረት ይድነቃቸው የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ቀኑን ልብ ይሏል። የፋሺስት ጦር መረብን ከተሻገረ ሁለት ወር አልፎታል፤ አድዋ በቦምብ ተደብድባለች፤ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ አቃቂ ላይ አዲስ ሥራ የጀመረው የሬዲዮ ጣቢያ የንጉሠ ነገሥቱን አቤቱታ ወደ ውጭው ዓለም ያስተላልፋል። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሰፈር ልጆችን ሰብስበው ክለብ ያቋቋሙት በዚህ መሐል ነው። አንዳንድ የክለብ ታሪኮች ምሥረታውን ከጦርነቱ ነጥለው እንደ ንጹሕ የወጣቶች ጨዋታ ይተርኩታል። ይህ ጽሑፍ በዚያ አይስማማም። አገር እየተወረረ ባለበት ወር በአገሩ ልጆች የተመሠረተ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የተጠራ ቡድን ከአድዋ ትዝታ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም፤ የአድዋ ድል የተገኘው በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት መሆኑን የማያውቅ የአራዳ ልጅ አልነበረም።

ከአምስት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ።

የአቶ ይድነቃቸው የተጫዋችነት ዘመን በጣም የሚያከራክረው እዚህ ላይ ነው። ወረራው እግር ኳስን አላስቆመም፤ ከፋፈለው እንጂ። በከተማው ቆዳን መሠረት ያደረገው የዘር ሕግ ሜዳም ገባ። ኢትዮጵያውያን ከነጮች ጋር እንዳይጫወቱ ተከለከለ፤ ለብቻቸው በተዘጋጀላቸው ውድድር ብቻ እንዲሰለፉ ተደረገ፤ የቡድኖቻቸውም ስም ተለወጠ። ቅዱስ ጊዮርጊስ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። ሊቶሪዮ የፋሺስቱ ፓርቲ ዓርማ መጠሪያ ነው። እንግዲህ ከ14 ዓመቱ እስከ 19 ዓመቱ ድረስ፣ አንድ አጥቂ እግሩም አእምሮውም በሚሠራበት ዕድሜ፣ ይህ ወጣት የወራሪውን ዓርማ በስሙ በተሸከመ ቡድን ውስጥ፣ ለጥቁር ብቻ በተከለለ ውድድር ኳስ ተጫውቷል።

እነዚህ ጨዋታዎች ከ365ቱ ውስጥ ይቆጠሩ ወይስ አይቆጠሩ? ቁጥሩ ከመጽሔት ወደ መጽሔት ሲተላለፍ የሚታየው ሳይነጣጠል፣ አንድ ጥቅል ድምር ሆኖ ነው። ጥቅሉ ደግሞ ሦስት የማይመሳሰሉ ዘመናትን በአንድ ከረጢት ይከታል፦ ከወረራው በፊት ያሉትን ጥቂት ወራት፣ በዘር መድልዎ ሥር የነበሩትን አምስት ዓመታት፣ ከነፃነት በኋላ ያለውን ረጅም ጊዜ።

አሜሪካኖች ይህንኑ ጥያቄ ከእኛ በተሻለ መዝገብ ይዘውም ተቸግረውበታል። የታይ ኮብን ነገር እንውሰድ። መትቶ ወደ ቤዝ የደረሰባቸው ጊዜያት ለአሥርተ ዓመታት 4,191 ተብለው ሲጠሩ ኖሩ። በ1981 እ.ኤ.አ. አንድ የ1910 ጨዋታ ሁለት ጊዜ መቆጠሩ ታወቀና 4,189 የሚለው ቁጥር ወጣ፤ ክርክሩ አሁንም አላለቀም። እያንዳንዱ ጨዋታ በጋዜጣ በሰንጠረዥ በሚታተምበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ በቃል በሚታወስበት አገር ምን ያህል ጥንቃቄ ያስፈልጋል! ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ደግሞ የቀለም መስመሩ ነው። ጃኪ ሮቢንሰን በሚያዝያ 1947 እ.ኤ.አ. ለብሩክሊን እስኪሰለፍ ድረስ ጥቁር ተጫዋቾች ከዋናው ሊግ ታግደው በራሳቸው ሊጎች ይጫወቱ ነበር፤ ጨዋታቸውም እንደ ዋና ጨዋታ አይቆጠርም ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. ዋናው ሊግ ከ1920 እስከ 1948 የተደረጉትን የጥቁሮች ሊጎች ውጤቶች በይፋ መዝገቡ ውስጥ አስገባ። በዚህም ጆሽ ጊብሰን በመምታት አማካይ ኮብን በልጦ የዘመናት ሁሉ ቀዳሚ ሆነ። ሟቹ አዲስ ነገር አላደረገም፤ የተለወጠው የቆጣሪው ፍርድ ነው።

የአዲስ አበባው ጉዳይ በአንድ ነገር ይለያል። ጥቁር አሜሪካውያን ሊጎቻቸውን ያቋቋሙት ራሳቸው ናቸው፤ የሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ውድድር ግን በወራሪው የተዘጋጀ ነው። ይህን ልዩነት የሚያነሱ ሰዎች የወረራው ዘመን ጨዋታዎች ከታሪክ መዝገብ ይውጡ ሊሉ ይችላሉ። ስሜቱ ይገባል፤ ፍርዱ ግን ልክ አይደለም። ስሙን የለወጠው ወራሪው ነው፤ ኳሷን የመቱት የውቤ ሰፈር ልጆች ናቸው። እነዚያን ጨዋታዎች መሰረዝ ማለት ፋሺስቱ በዚያች ሜዳ ላይ ከኢትዮጵያውያን የበለጠ ባለቤት ነበር ብሎ መመስከር ነው። መቆጠር አለባቸው፤ ግን ለብቻቸው፣ የተደረጉበት ሁኔታ ከጎናቸው ተጽፎ።

ከነፃነት በኋላ ሜዳው ሌላ መልክ ያዘ። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ1943 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ አቶ ይድነቃቸው ገና በ22 ዓመታቸው የአገሪቱን ስፖርት ካደራጁት ቀዳሚዎች አንዱ ሆኑ። በ1944 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ የተሰለፉት ቡድኖች ዝርዝር የዘመኑን አዲስ አበባ ያሳያል፦ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ፣ የብሪታንያ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን፣ እና ቅዱስ ጊዮርጊስ። ከአምስቱ የአገሬው ልጆች ቡድን አንዱ ብቻ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነጭ ጋር ሜዳ መውረድ የተከለከለው አጥቂ አሁን ከጣሊያኖች ቡድን ጋር በእኩል ሕግና በእኩል ቁጥር ይሰለፋል። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት። ዋንጫው ሌላ ጊዜ ይመጣል፤ የተገኘው ዋነኛ ነገር ግን እኩል መሰለፉ ነበር።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው። ከምሥረታው 15 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዛሬ የአገሪቱ ባለብዙ ዋንጫ ክለብ ለሆነ ቡድን ይህ ለምን ዘገየ? መልሱ አቶ ይድነቃቸው በሕይወታቸው ሙሉ የታገሉትን የደመወዝ ጥያቄ ይነካል። በዚያ ዘመን ዋንጫውን ደጋግሞ የሚያነሳው የጦር ሠራዊቱ ቡድን ነበር። ወታደሩ ተጫዋች ደመወዝ አለው፣ ቀለብ አለው፣ አዛዡ ልምምድ ውጣ ካለው ይወጣል። ከዚያ በኋላ ደግሞ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ቡድን፣ ሕዝቡ ኮተን እያለ የሚጠራው፣ ዋንጫውን ደጋግሞ ወሰደ። እዚያም ተጫዋቹ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ሉቺያኖ ቫሳሎን የመሰለ ኮከብ ከአስመራ ወጥቶ ለኮተን የተሰለፈው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ተከፋይ ተጫዋች አልነበረም የሚለው አባባል እውነቱን በከፊል ብቻ ይናገራል። ለኳስ ተብሎ የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም፤ ኳስ ስለሚችል የሚቀጠር ሰው ግን ነበር። በፋብሪካው መዝገብ ላይ ስሙ በሸማኔ፣ በመካኒክ ወይም በመጋዘን ጠባቂ ተርታ ይጻፋል። ጠዋት ፈረቃው ላይ ይታያል፣ ከሰዓት ልምምድ ይፈቀድለታል፣ ወር ሲያልቅ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ተሰልፎ ፈርሞ ይቀበላል። የአበበ ቢቂላም የሮም ድል ከዚህ አይወጣም፤ አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ከዋንጫው ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ የደመወዝ መዝገብ አለ። አራዳ ላይ በወጣቶች መዋጮ የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ያንን መዝገብ አልያዘም ነበር፤ ለዚህም ነው የመጀመሪያው ዋንጫ የዘገየው ብሎ መከራከር የሚቻለው።

አቃቂ ቃሊቲን እዚህ ላይ ማንሳት ተገቢ ነው። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ያልፍበት የነበረ፣ በኋላ በህንድ ባለሀብቶች ተሳትፎ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተተከለበት፣ ቆይቶም የመለዋወጫና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች የተጨመሩበት ይህ የከተማው ደቡባዊ ጫፍ የፈረቃ ሰዓት የሚገዛው ሰፈር ሆነ። የአራዳው እግር ኳስ የትምህርት ቤት ልጆችና የሰፈር ወጣቶች እግር ኳስ ነው፤ የአቃቂው ደግሞ የሠራተኛ እግር ኳስ ነው። በየአገሩ የፋብሪካ ቡድኖች ላይ እንደታየው ጎበዝ ልጅ ኳሱን አሳይቶ ሥራ ያገኛል፣ ሥራውን ይዞ ኳሱን ይቀጥላል። የአገራችን የስፖርት ታሪክ በአብዛኛው የተጻፈው ከአራዳና ከስታዲየሙ አቅጣጫ ነው። በፈረቃ መካከል የተካሄደው ይህ ሁለተኛው ታሪክ ገና የሚገባውን ያህል አልተጠናም፤ አቶ ይድነቃቸው ስለ ተከፋይ ተጫዋች በያዙት አቋም ውስጥ ያለው ተቃርኖ ያለ እርሱ አይገባም።

ወደዚያ ተቃርኖ የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው ካርቱም ላይ ነው። በየካቲት 1957 እ.ኤ.አ. ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ለማቋቋም ካርቱም ላይ ተሰበሰቡ። ኢትዮጵያን ከወከሉት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ዕድሜያቸው 35 ነበር፤ የቅዱስ ጊዮርጊስን ማልያ ገና አላወለቁም። ደቡብ አፍሪካ ነጮችን ብቻ ወይም ጥቁሮችን ብቻ የያዘ ቡድን ይዤ ልምጣ ስትል ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተባረረች፤ ኢትዮጵያም በዚህ ምክንያት ሳትጫወት ለፍጻሜ ቀረበችና በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ሽንፈቱ ከባድ ነው፤ ክርክሩ ግን የአዳራሽ ወግ ብቻ አልነበረም። ከመሥራቾቹ መካከል የአቶ ይድነቃቸው ልዩነት ዘር የለየው ሜዳ ምን እንደሚመስል በእግራቸው ማወቃቸው ነው። ነጭና ጥቁር ለየብቻ ይጫወቱ የሚለውን ሐሳብ በ15 ዓመታቸው አይተውታል። በኋላ ከፊፋ ጋር ያደረጉት ረጅም ግብግብ፣ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ እስከ ተባረረችበት እስከ 1976 እ.ኤ.አ. የዘለቀው፣ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈርን ሳያነሱ የሚተረክ ከሆነ ሥሩ የተቆረጠ ታሪክ ይሆናል።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሆነው የታወቀ ነው፤ ሆኖም ከዚህ አንጻር መታየት አለበት። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ በፍጻሜው ከግብፅ ጋር ተገናኘች። ባዳዊ ግብፅን አስቀደመ። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ደስታው ሳይበርድ በቀጣዩ ደቂቃ ባዳዊ ደገመ። ስድስት ደቂቃ ሲቀር ሉቺያኖ ቫሳሎ እንደገና አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩ፤ 4 ለ 2። ቡድኑን በአሰልጣኝነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት ጫማቸውን የሰቀሉ አጥቂ መሆናቸው በቡድኑ ላይ ይታያል፤ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ቀርቶ ሁለት ጊዜም ወደ ፊት የሄደ ቡድን ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ከአስመራ የመጡት ወንድማማቾች፣ ከጎንደር ምድር የወጣው መንግሥቱ፣ የፋብሪካና የሰፈር ልጆች አብረው ነበሩ። አንዳቸውም ግን በኳስ ብቻ አልኖሩም።

ይህ ሁሉ ሆኖ አቶ ይድነቃቸው ለተከፋይ እግር ኳስ በሩን በሙሉ አልከፈቱም። አፍሪካ ዋንጫ ላይ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ቡድን ከውጭ አገር ከሁለት በላይ ተጫዋች እንዳያሰልፍ የሚከለክል ደንብ ነበር፤ እስከ 1982 ዘለቀ። ደንቡ በሳቸው የፕሬዚዳንትነት ዘመን አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ላይ ነበር። ኢዩሴቢዮ ከሞዛምቢክ ወደ ቤንፊካ፣ ሳሊፍ ኬይታ ከማሊ ወደ ሴንት ኤቲየን ከሄዱ ወዲህ የአፍሪካ ኮከቦች ጉዞ እየጨመረ ሲመጣ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አቶ ይድነቃቸው ማስጠንቀቂያቸውን ደጋግመው አሰሙ፦ ምርጦቻችንን ካስወጣን አፍሪካ ለሀብታሞች ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆና ትቀራለች አሉ። ሜዳዎቻችን በአልኮልና በትምባሆ ማስታወቂያ እንዳይሞሉም ታገሉ።

በዚህ ረገድ ሊመሰገኑም ሊተቹም ይገባል። ሊመሰገኑ የሚገባው ስለተነበዩት ነው። ዛሬ የአፍሪካ ዋንጫን የሚመለከት ሁሉ የአህጉሪቱ ምርጦች ከአውሮፓ ክለቦች በፈቃድ ለሦስትና ለአራት ሳምንት ተውሰው እንደሚመጡ ያያል፤ የአገር ውስጥ ሊጎች በተመልካች እጦት ሲቸገሩም ያያል። አገሮች ተባብረው ካልቆሙ እንደማይከበሩም አውቀው ነበር፤ በ1966 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ላይ አፍሪካ ቀጥተኛ ቦታ ስለተነፈገች የአህጉሪቱ ፌዴሬሽኖች በአንድነት ሲወጡ ከቀስቃሾቹ አንዱ እሳቸው ነበሩ። በ1970 አንድ ቦታ ተገኘ፤ ሞሮኮም ተሰለፈች።

ሊተቹ የሚገባው ደግሞ ይህ ነው፦ ተጫዋቹ ይቆይ ብሎ የሚከለክለው ደንብ ሲጻፍ ተጫዋቹ ምን ይብላ የሚለው ጥያቄ እኩል አልተጻፈም። አቶ ይድነቃቸው እንደ ራሳቸው ዘመን ሰዎች ኳስን ከእንጀራ ነጥለው ማየት ቻሉ፤ ምክንያቱም የትምህርትና የመንግሥት ሥራ ዕድል ነበራቸው። የፋብሪካው አጥቂ ግን ያን መነጠል አልታደለም። ጉልበቱ በ33 ዓመቱ ሲደክም፣ በመዝገቡ ላይ ሸማኔ ተብሎ የተጻፈው ሰው እውነትም ሸማኔ ሆኖ ወደ መዘውሩ ይመለሳል፤ ከኳሱ ያገኘው ስም ብቻ ነው። የታይ ኮብ ዘመን ተጫዋቾች ከዚህ ተቃራኒ ችግር ነበረባቸው። ደመወዝ ነበራቸው፤ ነገር ግን ክለቡ ካልለቀቃቸው በቀር ወደ ሌላ እንዳይሄዱ የሚያስር የውል አንቀጽ ያዛቸው፤ አንቀጹም እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ጸና። የአቶ ይድነቃቸው ክርክር ሁለቱንም ችግር አንድ ላይ ቢያነሳ፣ ማለትም ተጫዋቹ በአገሩ እንዲቆይ የሚያስችል ክፍያና ሲፈልግ እንዲሄድ የሚያስችል ነፃነት ቢጠይቅ፣ ከማስጠንቀቂያ አልፎ ሥርዓት ይሆን ነበር።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ሲያርፉ ነገሩ ገና ክፍት ነበር። በሌላው የስፖርት ዘርፍ ግን መልሱ ቀድሞ መጥቶ ነበር። የዓለም አትሌቲክስ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሯጮች ሽልማታቸውን እንዲያገኙ መንገድ ከፈተ። ዛሬ በአቃቂ መንገድ ላይ ማለዳ ቆሞ የሚያይ ሰው ውጤቱን በዓይኑ ያያል። ገና ሰማዩ ሳይቀላ ከእንጦጦና ከመሐል ከተማ ዝቅ ባለው በዚህ ሜዳማ አገር ሯጮች ተሰብስበው ለረጅም ሩጫ ይወጣሉ፤ ሚኒባስ ከኋላ ይከተላል፣ አሰልጣኙ በመስኮት ሰዓት ይጠራል፣ ውሃ በእጅ ይቀበላሉ። ከእነዚህ አንዱ በውጭ አገር የጎዳና ውድድር ቢያሸንፍ በአንድ ቀን የሚያገኘው የፋብሪካው አጥቂ በዕድሜው ያላየው ገንዘብ ነው። ካልተሳካለት ደግሞ መዝገብ ላይ ስሙ የለም፤ ሸማኔም፣ መካኒክም፣ ጠባቂም ተብሎ አልተጻፈም። አንደኛው ዘመን ትንሽ ለብዙዎች ይሰጥ ነበር፤ ሁለተኛው ብዙ ለጥቂቶች ይሰጣል።

በዚያው ክፍለ ከተማ ሦስተኛ መንገድም አለ። የአቃቂ ቃሊቲ የሴቶች ቡድን በሴቶች ፕሪምየር ሊግ ተሰልፏል፤ በክፍለ ከተማው ስም የሚጫወት፣ በሕዝብ በጀት ላይ የቆመ ቡድን ነው። ይህ የአራዳው የወጣቶች መዋጮም፣ የፋብሪካው ፈረቃም፣ የጎዳና ሩጫው ሽልማትም አይደለም። አቶ ይድነቃቸው የተመኙት በአገር የሚቆይ ተጫዋች የሚኖር ከሆነ ወደዚያ የሚያደርሰው እንዲህ ያለ አደረጃጀት ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ግን ተጫዋቿ ኳስ ካቆመች በኋላ ምን ትሆናለች የሚለው አብሮ መጻፍ አለበት። አቶ ይድነቃቸውን የምናከብረው ያልጠየቁትን በመጠየቅም ጭምር ነው።

ለታሪክ ተመራማሪው የሚቀረው ሥራ ግልጽ ነው። 365ቱን ጨዋታ በዘመን መነጣጠል፤ የሊቶሪዮ ውቤ ሰፈርን ዓመታት በራሳቸው ዓምድ ማስፈር፤ ከ1944 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለውን ከጋዜጦች ጋር ማስተያየት፤ ከዚያም ወደ አቃቂና ድሬዳዋ ወርዶ የፋብሪካዎቹን የደመወዝ መዝገቦች መክፈትና በሸማኔ ስም የተቀጠረው አጥቂ ማን እንደነበር መፈለግ። እነዚያ መዝገቦች የድሮ ወረቀት ተብለው ሊጣሉ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው እርምጃ እንዳይጣሉ ማድረግ ነው።